ጥናቱ ምን አለ? እኛስ ምን ሰማን?

(በመንዝ፣ በጓሳ አካባቢ ለሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የፀረ-ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)



የክበባችሁ ተጠሪዎች «ስለ ኤች አይ ቪ አዳዲስ ጥናቶች ይንገሩን» ብለው ጋብዘውኛል። ግብዣው ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ዛሬ ስለ ጥናቶቹ ብቻ ሳይሆን ስለ እኛ ስለ ሰሚዎቹም ማውራት እፈልጋለሁ። በጤና ሥራ ላይ እንዳየሁት፣ አንድ ጥናት ከላቦራቶሪ ወጥቶ በስልክ፣ በሬዲዮና በገበያ አልፎ እኛ ጆሮ እስኪደርስ ድረስ መልኩ ይለወጣል። አባቶቻችን «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚሉት ወደው አይደለም።

እስቲ ከራሳችን ደጅ እንጀምር። ከብት ስትጠብቁ በጓሳ ሣር ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ቀስ ብሎ ሲሄድ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ጭላዳዎቹ አይሸሹም፤ እሱም ግልገላቸውን ለመንጠቅ አይሮጥም። ይህን ነገር ተመራማሪዎች እዚሁ ጓሳ ላይ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2015 አሳተሙት። ቀበሮው በጭላዳ መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25ቱ ብቻ። ጥናቱ የቆጠረው ይህንን ነው።

ታዲያ ወሬው ባሕር ማዶ ሲደርስ ምን ሆነ? አንዳንድ የውጭ መገናኛ ብዙኃን ጉዳዩን ሰው ውሻን ካላመደበት ታሪክ ጋር አያይዘው ጻፉት። ከዚያም አንባቢው «ዝንጀሮ ቀበሮ አላመደች» ብሎ ሊከራከር ይችላል። አስተውሉ! የተቆጠረው የተሳካ አደን ነው። ለምን ተሳካ የሚለው ገና ክርክር ነበር፤ ምናልባት ጭላዳዎቹ ሣር ሲግጡ አይጦቹን ያስወጧቸው ይሆናል፣ ምናልባት አይጦቹ በመንጋው መሐል ያለውን ቀበሮ አይለዩትም። ማላመድ የሚለው ቃል ግን ከቁጥሩ ውስጥ የለም። ከሰሚው የተጨመረ ነው።

በቀበሮ ወሬ የሚጎዳ ሰው የለም። በኤች አይ ቪ ወሬ ግን ሰው ይሞታል። ስለዚህ አዲስ ጥናት ስትሰሙ አራት ጥያቄ ጠይቁ፦ የተቆጠረው ምንድን ነው? በማን ላይ ነው የተቆጠረው? ከምን ጋር ተነጻጸረ? ጥናቱ ያላለውስ ምንድን ነው?

በእነዚህ ጥያቄዎች አንድ ትልቅ ዜና እንፈትን። እ.ኤ.አ. በ2024 ሌናካፓቪር ስለሚባል በየ6 ወሩ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት የተደረገ ጥናት ውጤት ወጣ። ወዲያው «የኤድስ ክትባት ተገኘ» ተባለ። የፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ አንድ አባት መጥተው «ልጄ፣ ክትባቱ ወጣ አሉ። እንግዲህ ይህን ክኒን ላቁመው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ ሳያቆሙ ጠየቁ! ሳይጠይቁ ቢያቆሙስ ኖሮ? ታፍኖ የነበረው ቫይረስ እንደገና ይራባ ነበር።

ምን ተቆጠረ? በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች። በማን ላይ? በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 25 በሆኑ፣ ቫይረሱ በደማቸው በሌለ ሴቶች ላይ። መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች አንዲትም አልተያዘችም። ከምን ጋር ተነጻጸረ? በየቀኑ ከሚዋጥ የመከላከያ ክኒን ጋር። አንዱን ዓይነት ክኒን እንዲወስዱ ከተመደቡት 1,068 ሴቶች 16ቱ፣ ሌላውን ዓይነት እንዲወስዱ ከተመደቡት 2,136 ሴቶች ደግሞ 39ኙ ተይዘዋል። ማነጻጸሪያው ለምን ያስፈልጋል ብትሉ፣ ገበሬ አዲስ የገብስ ዘር ሲሞክር ጎን ለጎን የድሮውን ዘር ይዘራል አይደል? አለዚያ ምርቱ የዘሩ ይሁን የዝናቡ በምን ይለያል?

ያልተባለውስ? አንደኛ፣ ክትባት ነው አልተባለም። ክትባት የሰውነትን የራሱን መከላከያ ያሠለጥናል፤ ይህ ግን መድኃኒት ስለሆነ ከሰውነት እየቀነሰ ይሄዳል፣ በየ6 ወሩም ይደገማል። ሁለተኛ፣ ይህ ጥናት መከላከልን እንጂ ማዳንን አልፈተነም። ቫይረሱ በደማቸው ላለባቸው ወገኖች የየዕለቱን ክኒን አቁሙ የሚል ቃል የለበትም። ሦስተኛ፣ ዜሮ ማለት «ፈጽሞ አይሆንም» ማለት አይደለም። በዚያው መድኃኒት ላይ በሌሎች ሰዎች በተደረገ ጥናት ከ2,179 ተጠቃሚዎች 2ቱ ተይዘዋል። አራተኛ፣ ከጨብጥ፣ ከቂጥኝ ወይም ካልተፈለገ እርግዝና አያድንም። እንግዲህ ዜናው ትልቅና አስደሳች ነው፤ ትልቅነቱ ግን በተቆጠረው ልክ ነው።

ሌላው ደግሞ ሰው ግማሹን ብቻ የሚሰማው ጥናት ነው። በአውሮፓ አንደኛው ቫይረሱ ያለበት ሌላኛው የሌለበት 888 ጥንዶች ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ቫይረሱ ያለባቸው ሁሉ መድኃኒት እየወሰዱ በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እጅግ ዝቅ ብሎ የተገኘ ነበር። ያለ ኮንዶም 58,000 ያህል ጊዜ ግንኙነት ተደርጎ፣ ከጥንዱ አንዱ ወደ ሌላው ያስተላለፈበት አንድም አጋጣሚ አልተገኘም። በጥናቱ ጊዜ 11 ሰዎች ተይዘው ነበር፤ የቫይረሱ ዘር ሲመረመር ግን ከትዳር ወይም ከፍቅር ጓደኛቸው የመጣ አልነበረም።

አንዱ ይህን ሰምቶ «እንግዲያ ኮንዶም ቀረ!» ይላል። ቆይ እንጂ! ጥናቱ የተናገረው መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ስለሚወስዱና የቫይረስ መጠናቸው ስለተለካ ሰዎች ነው። ያልተመረመረን ሰው አይጨምርም፤ ፊት አይቶ የሚያውቅም የለም። 11ዱስ ከየት ያዛቸው? ከሌላ ሰው ነው። ሌላው ሰሚ ደግሞ «ውሸት ነው፣ ቫይረሱ ካለበት ሰው ጋር እንዴት ይኖራል?» ብሎ ጥናቱን ጨርሶ ይጥለዋል። ይኼኛውም ስሕተት ነው። መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ ሰው ትዳር መሥርቶ፣ ጤነኛ ልጅ ወልዶ መኖር እንደሚችል ሳይንስ ካረጋገጠ በኋላ ወገንን ማግለል ምክንያት የለውም።

አያችሁ፣ ሁሉን ማመን ብቻ ሳይሆን ሁሉን መጠራጠርም ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ታቦ ምቤኪ ኤድስ የሚመጣው በኤች አይ ቪ መሆኑን ለሚክዱ ጥቂት ሰዎች ጆሮ ሰጡ። ብዙ ጥናት ተሠርቶ ያለቀለት ጉዳይ እንደ አዲስ ክርክር ተቆጠረና መድኃኒቱ ለሕዝብ መድረሱ ዘገየ። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ስሌት በዚያ መዘግየት እስከ 2005 ድረስ ከ330,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። እነዚህ ሰዎች እናት፣ አባት፣ ወንድምና እኅት ነበሩ።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ክርክር ነበር። በ1997 ዓ.ም. የፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ሲጀምር «ጸበል የያዘ ሰው ክኒን መዋጥ የለበትም» የሚሉ ነበሩ፤ በእንጦጦ ማርያም ጸበል ክርክሩ ጎልቶ ይሰማ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ከጸበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ ተናገሩ። ከዚህ የምንማረው አለ። ሰው ቁጥር ሰምቶ ብቻ አይለወጥም፤ የሚያምነው ሰው ሲነግረው ይሰማል። እናንተ ደግሞ በየቤታችሁ «አንተ ተምረሃል፣ አንቺ አንብበሻል፣ እስቲ ንገሩን» የምትባሉ ናችሁ። ለእናታችሁ፣ ለአጎታችሁ፣ ለጎረቤታችሁ የምትነግሩት ቃል ክኒን ሊያስቆም ወይም ሊያስቀጥል ይችላል። ይህ ቀላል ኃላፊነት አይደለም።

እንዴት እንከራከር ለሚለው አያቶቻችን ምሳሌ ትተውልናል። በቄሮ ሥርዓት ጓሳ ለዓመታት ተዘግቶ ይጠበቅ ነበር። «ሣሩ ደርሷል» ያለ ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ አይገባም። ሣሩ ይታያል፣ ይመከራል፣ ሲከፈት ለሁሉም ይታወጃል። ጮክ ብሎ የተናገረ ሳይሆን የሣሩ መድረስ ነበር የሚወስነው። አንድ ጥናት ወጣ ሲባልም እንዲሁ ነው። ሌሎች ባለሙያዎች ይመረምሩታል፣ በሌላ ቦታ ይደገማል፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ጤና ሚኒስቴር መመሪያ ያወጡበታል። እስከዚያ ድረስ መከራከር ይቻላል፤ ማጭድ ይዞ መግባት ግን ይቆይ።

በሉ እንግዲህ፣ ሥራ ልስጣችሁ። በክበባችሁ ስብሰባ ላይ በስልክ የደረሰ አንድ የጤና ዜና አምጡና በአራቱ ጥያቄዎች ፈትኑት። መልስ ያልተገኘለትን ጥያቄ ጽፋችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ፤ አዲሱ መድኃኒት በአካባቢያችን ይሰጥ እንደሆነም እዚያው ጠይቁ። ሳትፈትኑ ለሌላ አትላኩ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው በወሬ ምክንያት ለማቆም ሲያስብ ከሰማችሁ ደግሞ አትገሥጹት፣ ምሥጢሩንም አታውጡ፤ «መጀመሪያ ሐኪምዎን ይጠይቁ» በሉት፣ ከፈቀደም አብራችሁት ሂዱ።

እስከዚያው መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ በኮንዶም መጠቀም፣ መመርመርና መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ ዛሬም ይሠራሉ። አዲስ ዜና ሲመጣ በእነዚህ ላይ ይጨመራል እንጂ እነዚህን አስጥሎ አይሄድም።

 አሁን ጥያቄ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።