ውሃን ከወንዝ ወደ ማሳ ስለ ማውጣት



ውሃ በተፈጥሮው ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። የሰው ማሳ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከወንዙ በላይ ነው። ስለዚህ በጥንት ዘመን ከወንዝ አፋፍ ላይ ቆሞ፥ ውሃውን በዓይኑ እያየ ሰብሉ የደረቀበት ገበሬ ጥቂት አልነበረም። የውሃ ማውጫ መሣሪያዎች ታሪክ የሚነሣው ከዚህ ችግር ነው፤ በየዘመኑም የተነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ምን ያህል ውሃ፥ ወደ ምን ያህል ከፍታ፥ በማን ጉልበት? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በግብፅ ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ከመሠራቱ በፊት፥ ከኢትዮጵያ ደጋ በአባይና በተከዜ የሚወርደው የክረምት ሙላት በየዓመቱ የግብፅን ሜዳ ይሸፍን ነበር። ገበሬው ውሃውን በአፈር ግንብ አግዶ ያቆይና ሲሸሽ በእርጥቡ መሬት ላይ ይዘራ ነበር። ሙላቱ ካለፈ በኋላ ግን ወንዙ ብዙ ሜትር ዝቅ ብሎ ይፈስሳል። በዚያ ወራት አትክልት ለማልማት የፈለገ ሰው ውሃውን በማሰሮ እየቀዳ፥ በትከሻው ላይ ባጋደመው እንጨት ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ መሸከም ግድ ነበረበት።

ይህን ሸክም ያቀለለው ሻዱፍ የሚባለው መሣሪያ ነው። ምስሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ሺህ ዓመት በመስጴጦምያ በተቀረጸ ማኅተም ላይ ይገኛል። በግብፅም በዳግማዊ ራምሴስ ዘመን የኖረው ቀራጺ ኢፑይ፥ በዴር ኤል መዲና ባለው መቃብሩ ግድግዳ ላይ አትክልተኛ በሻዱፍ ሲያጠጣ ተሥሏል።

አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው። ረጅም እንጨት በምሰሶ ላይ እንደ ሚዛን ይንጠለጠላል፤ በአንዱ ጫፍ ባልዲ ይታሰራል፥ በሌላው ጫፍ የደረቀ ጭቃ ወይም ድንጋይ ይደረግበታል። ሠራተኛው ባዶውን ባልዲ ወደ ታች ይስባል፤ ባልዲው ሲሞላ የጭቃው ክብደት ያነሣዋል። የሚያይ ሰው ጭቃው የሚሠራለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጭቃው ከራሱ የሚጨምረው አንዳች ጉልበት የለም። ሠራተኛው ባዶውን ባልዲ ሲያወርድ ያወጣውን ጉልበት ብቻ ነው የሚመልስለት። ትርፉ ሌላ ነው። ሰው ጎንበስ ብሎ ወደ ላይ ከመሳብ ይልቅ በሰውነቱ ክብደት ወደ ታች መሳብ ይቀለዋል፤ ስለዚህ ወገቡ ሳይደክም ረጅም ሰዓት መሥራት ይችላል።

ከፍታው ሲጨምር ግን ዋጋው ይታወቃል። 20 ሊትር በሚይዝ ባልዲ 1000 ሊትር ውሃ ለማውጣት 50 ጊዜ መሳብ ያስፈልጋል። አፋፉ ከሦስት ሜትር ብዙ ካለፈ አንድ ሻዱፍ አይደርስምና፥ አንዱ ባወጣው ጉድጓድ ላይ ሁለተኛው፥ ከዚያም በላይ ሦስተኛው ይተከላል። ያን ጊዜ የጨመረው የሠራተኛው ቍጥር ነው እንጂ ውሃው አይደለም።

በግሪኮችና በሮማውያን ዘመን መሐንዲሶች ይህንኑ ችግር በልዩ ልዩ መንገድ ሞከሩት። ጠመዝማዛው መሣሪያ በአርኪሜዴስ ስም ይጠራል፤ የሲሲሊው ዲዮዶሮስ አርኪሜዴስ ወደ ግብፅ በሄደ ጊዜ ፈለሰፈው ብሎ ጽፏል። አንዳንድ ሊቃውንት ከእርሱ አስቀድሞ በሰናክሬም ዘመን በነነዌ ይታወቅ ነበር ይላሉ፤ ክርክሩ ግን አልተቋጨም። ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪዩስ ደግሞ ከበሮ የሚመስል መንኰራኩር ይገልጻል። ይህ መንኰራኩር ብዙ ውሃ ያወጣል፤ ነገር ግን ውሃው የሚፈስሰው በመካከለኛው ዘንግ በኩል ስለ ሆነ፥ ከመንኰራኩሩ ቁመት ከግማሽ በላይ አያደርስም። በጠርዙ ላይ ሣጥኖች ያሉት መንኰራኩር ወደ ላይኛው ጫፍ ያደርሳል፤ የሚያነሣው ውሃ ግን ያነሰ ነው። በእስፓኝ በሪዮ ቲንቶ ማዕድን ውስጥ ሮማውያን እንዲህ ያሉ 16 መንኰራኩሮች ጥንድ ጥንድ አድርገው፥ አንዱ ለሌላው እያቀበለ ውሃውን ወደ 30 ሜትር ያህል አወጡት። የሚያዞሯቸውም በጨለማው ጉድጓድ ውስጥ ሰዎች ነበሩ።

የእስክንድርያው ክቴሲቢዮስ ሁለት ሲሊንደርና ክዳኖች ያሉትን ፓምፕ የሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ነው። በብልሃት ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ከነሐስ የሚሠራ ስለ ነበረ ለገበሬ የሚሆን አልነበረም። ገበሬ የሚሻው መሣሪያ ሲሰበር በመንደሩ አናጢ የሚጠገነውን ነው።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ሳቂያ ሆነ። በሬ ተጠምዶ በክብ ሲዞር መሬት ላይ የተጋደመውን ጥርሳም መንኰራኩር ያዞራል፤ እርሱም ጥርሱን ከቆመው መንኰራኩር ጋር አያይዞ በገመድ የተሰካኩትን የሸክላ ማሰሮዎች ወደ ውሃው ያወርዳል፥ ሞልተውም ወደ ቦዩ ያመጣቸዋል። ሚስማር ሳይገባበት ከእንጨት፥ ከገመድና ከሸክላ ሊሠራ ይችላል። የሶርያ ከተማ ሐማ ከበሬም የሚያሳርፍ መንኰራኩር አላት፤ በዚያ የሚያዞረው የኦሮንቴስ ወንዝ ራሱ ነው። በ1361 የተሠራው ትልቁ መንኰራኩር ስፋቱ 21 ሜትር ያህል ነው። ወንዙ በኃይል የማይፈስስበት ገበሬ ግን በበሬው ይኖራል።

ሳቂያ የአገርን ኑሮ የለወጠው ከሁሉ ይልቅ በኖባ ነው። በዚያ የአባይ ዳርቻ ከፍ ያለ፥ የሚታረሰውም መሬት ጠባብ ስለ ሆነ፥ ሻዱፍ በማይደርስበት ስፍራ ሳቂያ ሲተከል አዲስ እርሻ ተከፈተ። ሥራው የብዙ ሰዎች ነበር፤ የመሬቱ ባለቤት፥ የእንጨቱ ባለቤት፥ የበሬዎቹ ባለቤትና ሠራተኛው ሰብሉን በድርሻ ይካፈሉ ነበር። በሬዎቹን የሚነዳው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። የእንጨቱ ጩኸት ሌሊትም ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ ኖባውያን በቋንቋቸው መሣሪያውን እስካሌ ይሉታል።

በ20ኛው መቶ ዓመት የሞተር ፓምፕ መጣ። ከዚያም የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሥራ በ1960 ተጀምሮ ውሃው ሲጠራቀም የኖባ መንደሮች ተዋጡ። በሱዳን በኩል የነበሩት የዋዲ ሐልፋ ሰዎች ከ1964 ጀምሮ ወደ ኸሽም ኤል ጊርባ፥ ማለት ተከዜ አትባራ ተብሎ ወደሚፈስስበት አገር ተዛወሩ። በዚያ ከወንዙ ግድብ የሚነሣው ቦይ ውሃውን ቍልቍል ወደ ማሳው ስለሚያደርስ መንኰራኩር አላስፈለገም። በግብፅ በኩል ከነበረችው ከቶሽካ የወጣው ሐምዛ ኤል ዲን ግን በ1971 በወጣው ሸክላ ላይ የእስካሌን ዙር በዑድ አሰማ፤ ዜማው በሬው እንደሚዞር እየተመላለሰ ይሄዳል።