ስለ ዘገየው መልክ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በምዕራብ ወለጋ በቢላ ከተማ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ከበላዮቹ ጋራ ለመምከር ነቀምቴ ወይም አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ ግድ ይሆንበት የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ መንገዱ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ቢላ ደግሞ ከነቀምቴ አልፎ ከጊምቢም ወዲያ ነው። ዛሬ ግን ሠራተኛው በኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ከሩቅ ሰው ጋራ ፊት ለፊት እየተያየ ለመነጋገር ችሏል።

ይሁን እንጂ በዚህ ነገር ላይ አንድ አቤቱታ ዘወትር ይሰማል። ይኸውም የተናጋሪው መልክ እንደ ፎቶግራፍ ደርቆ ይቆማል፤ ድምፁ ቀድሞ ከንፈሩ በኋላ ይንቀሳቀሳል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይደርብበታል። ነገሩ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በክልል ያሉትን ባለጉዳዮች በቪድዮ አማካይነት ማከራከሩ የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ ችሎት ዳኛው ጠይቀው የባለጉዳዩ መልስ ቢዘገይ፥ የመስመሩ መዘግየት የሰውዬው ማመንታት መስሎ ሊታይ ይችላል። የመሣሪያ ጉድለት በሰው እውነተኛነት ላይ እንዳይቆጠር ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይባላልና፥ አስቀድመው ጥፋቱ ያለው ከካሜራው ወይስ ከመስመሩ መሆኑን ይለዩ። ጥሪውን ዘግተው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን የካሜራ ፕሮግራም ብቻ ይክፈቱና እጅዎን ያወዛውዙ። ሥዕልዎ ያን ጊዜም እየተጎተተ የሚከተልዎ ከሆነ ጥፋቱ ከጠረጴዛዎ ላይ ነው። ሥዕሉ ቀልጣፋ ከሆነ ግን መስመሩን ይመርምሩ።

ከጠረጴዛው ላይ ከሚገኙት ምክንያቶች ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የብርሃን ማነስ ነው። ካሜራ በደህና ብርሃን በሰከንድ 30 ሥዕሎችን ያነሣል። በክረምት ወራት ደመናው ቢሮውን ሲያጨልመው ግን እያንዳንዱ ሥዕል በቂ ብርሃን እስኪሰበስብ ድረስ ይቆያልና፥ ቁጥሩ ወደ 15 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። መድኃኒቱ መስኮቱ ከኋላዎ ሳይሆን ከፊትዎ እንዲሆን ወንበሩን ማዞር ወይም መብራት ማብራት ነው። ይህን ሳይሞክሩ አዲስ ካሜራ ይገዛልኝ ብሎ ማመልከት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ገመዱ ነው። ካሜራውን ከማተሚያና ከሌላም መሣሪያ ጋራ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ከመሰካት በቀጥታ በኮምፒዩተሩ ላይ መሰካት ይሻላል። 1280 በ720 ነጥብ የሆነ ሥዕል ሳይጨመቅ በሰከንድ 30 ጊዜ ቢላክ 442 ሜጋቢት ያህል ይሆናል። የቆየው ዩኤስቢ 2.0 ግን በወረቀት ላይ እንኳ ከ480 አያልፍም፤ በሥራ ላይ ሲውል ደግሞ ከዚያ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ የሥዕሉን መጠን ዝቅ ማድረግ ይረዳል።

ሦስተኛው የኮምፒዩተሩ ድካም ነው። የማይፈለጉትን ፕሮግራሞች ይዝጉ። ከጀርባዎ የውሸት መልክአ ምድር የሚያስቀምጠውን ጌጥም ያጥፉ፤ ብዙ ጉልበት ይበላልና። መብራት ሄዶ በባትሪ የሚሠሩ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ኀይል ለመቆጠብ ሲል ራሱን ሊያዘገይ እንደሚችል ይወቁ።

ጥፋቱ ከመስመሩ ሲሆን ደግሞ በቢሮው ውስጥ ማን ምን እያወረደ እንደሆነ ይጠይቁ። በስብሰባው ሰዓት ፊልምና ትልልቅ ፋይል ይቁም። ቢቻል በዋይፋይ ፈንታ በገመድ ይገናኙ። ይህ ሁሉ ካልበቃ ካሜራውን ዘግተው ድምፁን ያድኑ፤ ቁም ነገሩ ያለው ከቃሉ ነውና።

በብልኀት የማይሸነፍ መዘግየትም አለ። የወረዳ ኔት የተባለው የመንግሥት መረብ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲዘረጋ ሩቅ ወረዳዎች የሚገናኙት በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ በመሆኑ፥ ቃል በብርሃን ፍጥነት ቢጓዝም ወጥቶ ለመውረድ ሩብ ሰከንድ፥ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል። እንደዚሁም በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ፥ ወለጋም ጭምር፥ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር። መስመር በሌለበት የካሜራ ጥገና ምን ይረባል?

መስመሩ እያለ ሲዘገይ ግን የሚቀረው መድኃኒት የአባቶቻችን የሸንጎ ሥርዓት ነው። አንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ሌላው ይታገሥ፤ ተናጋሪውም «ጨርሻለሁ» ይበል። ሰብሳቢ የሆኑትም ከሩቅ ወረዳ የሚመጣው ድምፅ ቢዘገይባቸው ወደ ሌላው ተናጋሪ ለማለፍ አይቸኩሉ። ከቢላ የሚናገረው ሰው ቃሉን ልኳል፤ በመንገድ ላይ ነው።