ጥርስን የሚያነቅዘው ምንድነው?
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እድር ስለ ሐዘን ብቻ ሳይሆን ስለ ጤናም መመካከር ይገባዋል ብለን ስለ ጥርስ ጥቂት እንድንናገር በመፈቀዱ እናመሰግናለን። «የጥርስ ነገር ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። ጥርሱን ታሞ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ሰው ግን መልሱን ያውቀዋል።

በአገራችን ጥርስ ሲበላሽ «ነቀዘ» እንላለን፤ «ትል በላው» የሚሉም አሉ። በጥርስ ውስጥ ግን ትል የለም። ያሉት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሐዋስያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1683 ሌቨንሁክ የተባለ የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ ከገዛ ጥርሱ ላይ ነጩን ቆሻሻ ፍቆ ራሱ በሠራው አጉሊ መነጽር ቢያየው፣ ጥቃቅን ፍጥረታት ሲርመሰመሱ አገኘ።

ዛሬ በሰዎች አፍ ውስጥ 700 ያህል የባክቴሪያ ዓይነቶች መኖራቸው ታውቋል። ሁሉም ጠላት አይደሉም። ብዙዎቹ እንደ ደኅና ጎረቤት ቦታውን ስለሚይዙ፣ ጎጂው በቀላሉ ማደሪያ አያገኝም። ስለዚህ ሁሉንም እንጨርስ ብንል አይቻልም፤ አይጠቅምምም። ጉዳቱ የሚመጣው ሚዛኑ ሲዛባ ነው። ስትሬፕቶኮከስ ሚዩታንስ የሚባለውና መሰሎቹ ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ልባስ ያሟሟል። ምራቃችን አሲዱን አጥቦ ጥርሱን ለመጠገን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ታዲያ በየመካከሉ ስኳር ከጨመርንበት ምራቅ መቼ ሥራውን ይሥራ? ጥርስን በብርቱ የሚጎዳው ይኸው መደጋገሙ ነው።

እስቲ ወደ ራሳችን ድንኳን እንመለስ። ለቅሶ ስንቀመጥ ሻይ ከነስኳሩ ተፈልቶ ከጧት እስከ ማታ ይታደላል፤ ልጆችም አብረው ይጠጣሉ። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ከእንግዲህ ሻዩ ያለ ስኳር ይፈላ፣ ስኳሩ ለብቻው ይቅረብ፣ የፈለገ ይጨምር። ለእድሩም ቁጠባ ነው።

በየቤታችንም ጧትና ማታ ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና እንቦርሽ። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ የማታው ይበልጥ አይታለፍ። መፋቂያም በትዕግሥት እስከ ድድ ሥር ከተፋቀበት ቆሻሻውን ያነሣል። ሕፃን ጣፋጭ ነገር የያዘ ጡጦ አፉ ላይ ተደርጎለት አይተኛ።

አንድ ነገር ግን አደራ! የታመመ ጥርስ እብጠቱ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ትኩሳትም ከተነሣ፣ ነገ ሳይባል በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ከጥርስ የተነሣ መመረዝ ሰው ይገድላል።

እድራችን ለቀብር ቢቋቋምም፣ የምንመኘው አባሎቻችን ለብዙ ዘመን መዋጮአቸውን እየከፈሉ፣ ቆሎአቸውንም በራሳቸው ጥርስ እየቆረጠሙ እንዲኖሩ ነው።