ጄን ከዚያ ቤት መውጣቷ ልክ ነበር?

ከዕረፍት ቀናችሁ ላይ ሰዓት ቆርሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ ስለ ኮንትራት አላወራም። የማወራው ስለ አንድ ልብ ወለድ፣ ይልቁንም ልብ ወለዱ ስላስነሳው ክርክር ነው። ባለፉት ሳምንታት ታሪኩን ስተርክላችሁ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ተከራክራችኋል። ይህ ክርክር ከእናንተ በፊትም ብዙ አንባቢ ያከራከረ ነው።

መጽሐፉ «ጄን ኤር» ይባላል። እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ብሮንቴ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1847 ከረር ቤል በሚል የብዕር ስም አሳተመችው። ብሮንቴ ራሷ በ1839 እና በ1841 ሰው ቤት ተቀጥራ ልጆች አስተምራለች። እንዲህ ያለች ሴት ከጌቶቹ ጋር እኩል አትቀመጥም፤ ከአገልጋዮቹም ጋር አትቆጠርም። እኛም ይህን ቦታ እናውቀዋለን። «እንደ ቤተሰብ ነሽ» እንባላለን፤ ምሳችንን ግን ወጥ ቤት ቆመን እንበላለን።

አዲስ ለመጣችሁ ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጄን እናትም አባትም የላትም። እስከ 10 ዓመቷ በአጎቷ ሚስት ቤት ስትንገላታ ቆይታ ሎዉድ ወደሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ትላካለች። በ18 ዓመቷ በዓመት 30 ፓውንድ ተቀጥራ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ልታስተምር ቶርንፊልድ የሚባል ትልቅ ቤት ትገባለች። ከቤቱ ጌታ ከሮቸስተር ጋር ይዋደዳሉ። በሰርጋቸው ቀን ግን ሚስት እንዳለው ይጋለጣል፤ ሚስቱ አእምሮዋ ታሞ እዚያው ቤት፣ ላይኛው ፎቅ ተቆልፎባት ትኖራለች።

የመጀመሪያው ክርክራችሁ ስለ ትዕግሥት ነበር። ሎዉድ ውስጥ ሄለን የምትባል ጓደኛ አለቻት። ሄለን መምህሯ ስትገርፋት ቂም አትይዝም፤ መከራን መቻል ይሻላል ትላለች። ጄን ደግሞ ያለ ጥፋቱ የተመታ ሰው ዝም ካለ በዳዩ እየባሰበት ይሄዳል ባይ ናት። አንዳችሁ «ሄለን ጻድቅ ናት» አላችሁ። ሌላዋ ወዲያው «ሄለን ሞተች፣ ጄን ኖረች» ብላ መለሰች። ሄለን የሞተችው በሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ትዕግሥቷ አልገደላትም። ቢሆንም መላሿ ምን ለማለት እንደፈለገች ሁላችንም ገብቶናል።

መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1848 መጨረሻ፣ ኤልዛቤት ሪግቢ የምትባል ሃያሲ «ኳርተርሊ ሪቪው» በተባለው መጽሔት ላይ ክፉኛ ነቀፈችው። ጄን ምስጋና የማታውቅ ትዕቢተኛ ናት፤ መጽሐፉም በድህነትና በሀብት ልዩነት ላይ ስለሚያጉረመርም የክርስትናን መንፈስ ይቃወማል አለች። የሚገርመው፣ ይኸው ጽሑፍ ሰው ቤት ተቀጥረው ልጆች ስለሚያስተምሩ ሴቶች ችግር ያነሳል፤ ለእነሱም ከልብ ያዝናል። ለተቀጣሪዋ የሚያዝን ሰው፣ ተቀጣሪዋ ራሷ አፍ አውጥታ ስትናገር ይከፋዋል። እንዲህ ያለ ደግ ሰው አላጋጠማችሁም?

ሁለተኛው ክርክር ሞቅ ያለው ነበር። ሮቸስተር ሚስቱ ከታወቀች በኋላም ጄንን «አብረሽኝ ኑሪ» ብሎ ይለምናታል። እሷ ግን እየወደደችው፣ ገና ሳይነጋ 20 ሽልንግ ይዛ ትወጣለች። ጥቅሏን ሠረገላ ላይ ትረሳዋለች። ሜዳ ላይ ታድራለች፣ ትለምናለች፣ ለአሳማ ሊደፋ የነበረ ገንፎ ትበላለች። ግማሻችሁ «ክብሯን ይዛ ወጣች፣ ጎበዝ» አላችሁ። ግማሻችሁ «ምን ዓይነት ሞኝ ናት? ሰው ያለ ገንዘብ ያለ ዘመድ ይወጣል?» አላችሁ።

እኔ ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ከሰው ቤት የወጡትንም ለመውጣት የሚያስቡትንም አዳምጣለሁ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ እላለሁ፤ የተከራከራችሁት በሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ላይ ነውና። መውጣቷ አንድ ነገር ነው፣ አወጣጧ ሌላ። «ለምን ወጣሽ?» የሚለው ወቀሳ ብዙ ጊዜ «እንዴት ወጣሽ?» መሆን የነበረበት ነው። በከፋላ ሥርዓት መኖሪያ ፈቃዳችን ከአሠሪያችን ጋር የታሰረ ነው፤ ፓስፖርታችንም ብዙ ጊዜ ማዳም መሳቢያ ውስጥ ነው። ሕይወትሽ ወይም ሰውነትሽ አደጋ ላይ ከሆነ ዝግጅት አትጠብቂ፤ ነፍስሽን አውጪ። ጊዜ ካለሽ ግን የወረቀቶችሽ ፎቶ፣ በቃል የተያዘ ስልክ ቁጥር፣ ለዛሬ ሌሊት የምታድሪበት በር ይኑርሽ። ጄንን ከሞት ያዳናት በመጨረሻ የተከፈተላት የአንድ ቤት በር ነው።

ሦስተኛው ክርክር የተነሳው ከሳቅ በኋላ ነው። የተቆለፈባት ሚስት ስሟ በርታ ነው ስላችሁ «ለሴት በርቺ ነው እንጂ!» ብላችሁ ሳቃችሁ። ከዚያ አንዲት እህት «እሷ ራሷ ምን አለች?» ብላ ጠየቀች። በመጽሐፉ ውስጥ በርታ በራሷ አንደበት ታሪኳን አትናገርም። ዶሚኒካ በምትባል የካሪቢያን ደሴት የተወለደችው ደራሲ ጂን ሪስም ይህ ነገር ከንክኗት፣ በ1966 የዚህችን ሴት ታሪክ በሌላ ልብ ወለድ ጻፈች። በዚያ መጽሐፍ ሴትየዋ አንቷኔት ናት፤ በርታ ብሎ መጥራት የጀመረው ባሏ ነው። ስንቶቻችን ነን ማዳም ስማችን ከብዷት ሌላ ስም ያወጣችልን?

ሌላዋ ደግሞ ያዘነችው ለግሬስ ፑል ነው፤ ተቀጥራ በሽተኛዋን ለምትጠብቀው። «ደመወዟ ጥሩ ነው ትሉኛላችሁ፤ ከታመመ ሰው ጋር ሌት ተቀን ተዘግቶ መኖር ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ» አለች። የታመሙ አሮጊት ስታስታምም የኖረች ናት። ስለዚህ መጽሐፍ ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንደ እሷ ለግሬስ የተከራከረ ግን አላገኘሁም።

የመጨረሻው ገና አልተቋጨም። ጄን ከሞተ አጎቷ 20,000 ፓውንድ ትወርሳለች፤ ከሦስት ያጎት የአክስት ልጆቿ ጋር ለአራት ተካፍለው 5,000 ይደርሳታል። ከዚያ ወደ ሮቸስተር ትመለሳለች። ቤቱ ተቃጥሏል፣ ሚስቱ ሞታለች፣ እሱም ዓይኑ ጠፍቷል። «ላታለላት ሰው እንዴት ትመለሳለች?» የምትሉ አላችሁ። «አሁን እኮ የራሷ ገንዘብ አላት፣ ማንም አላስገደዳትም» የምትሉም አላችሁ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ግን ልትረቱኝ ትችላላችሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ከዚህ እንጀምራለን። ማዳም የዕረፍት ቀን የከለከለቻችሁ እህቶች ሐሳባችሁን በድምፅ መልእክት ላኩ፤ ለሁሉም እናሰማዋለን።