ከ41 መጻሕፍት የትኛው ይቅደም?

ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር



አንድ አንባቢ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቴሪ ፕራቼትን «ዲስክወርልድ» ለማንበብ ሲጠይቅ፣ ባለሙያው ቁጥር አንዱን ለማቀበል ይቸኩላል። አንድ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር በሚተርኩ ቅጾች ዘንድ ይህ ተገቢ ነው፤ በዚህ ተከታታይ ድርሰት ግን አንባቢን ሊያሸሽ ይችላል።

ተከታታዩ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2015 የታተሙ 41 አስቂኝ ልብ ወለዶችን ይይዛል። ዓለሙ እንደ ምጣድ ክብና ዝርግ ሆኖ በ4 ዝሆኖች ጀርባ ላይ ያርፋል፤ ዝሆኖቹም በጠፈር በሚዋኝ ግዙፍ ኤሊ ላይ ይቆማሉ። የመጀመሪያው መጽሐፍ «ዘ ከለር ኦቭ ማጂክ» የሚሳለቀው ከእርሱ በፊት በወጡ የሰይፍና የአስማት ልብ ወለዶች ላይ ነው። እነዚያን ያላነበበ ሰው የቀልዱን ዒላማ አያይም፤ ዒላማው ያልታየ ቀልድም አያስቅም። ከዚህም በላይ ታሪኩ የሚፈጸመው በ1986 በወጣው በሁለተኛው መጽሐፍ ነው። በዚህ በር የገባ አንባቢ ከደጃፉ ቢመለስ አያስደንቅም፤ የተቀሩት 40ዎቹም ሳይገለጡ ይቀራሉ።

ደራሲው እየበሰለ ሲሄድ ሳቁ ከሌሎች ድርሰቶች ወደ ሰው ልጅ ጠባይ ዞረ። አብዛኞቹ መጻሕፍትም ለብቻቸው ሊነበቡ የሚችሉ ሆኑ። ስለሆነም ባለሙያው አስቀድሞ የአንባቢውን ዝንባሌ ይጠይቅ። የወንጀል ምርመራ ለሚወድ የ1989ኙ «ጋርድስ! ጋርድስ!» ይሰጠው፤ በዚያ ሰካራሙ የዘበኞች አለቃ ሳም ቫይምስ ዘንዶ ባስጨነቀው ከተማ ክብሩን መልሶ ያገኛል። ስለ ሕይወትና ሞት ለሚያሰላስል የ1987ቱ «ሞርት» ይስማማዋል፤ ሞት ራሱ ረዳት ይቀጥርበታልና። ስለ እምነትና ሥልጣን ለሚጠይቅ ደግሞ የ1992ቱ «ስሞል ጎድስ» አለ። በዚህ መጽሐፍ ከልቡ የሚያምንበት አንድ ሰው ብቻ የቀረው አምላክ ኤሊ ሆኖ ይንፏቀቃል፤ አማኙም ማንበብ የማይችል፣ ነገር ግን ያየውንና የሰማውን የማይረሳ ወጣት ነው። ታሪኩ ከሌሎቹ ጋር እምብዛም ስለማይያያዝ፣ ገንዘቡ ለአንድ ቅጂ ብቻ የሚበቃ ቤተ መጻሕፍት ይህንን ቢገዛ ይበጀዋል።

በተራ ለማንበብ የቆረጠ ሰው አይከልከል፤ ድርሰቱን የወደደም በኋላ ወደ መነሻው ይመለሳል።

በ«ዲስክወርልድ» የአስማተኞች ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ በአስማት ኦራንጉታን ሆኖ፣ ረጅም ክንዱ ለመደርደሪያው ስለተመቸው ወደ ሰውነት መመለስን እንቢ ያለ ነው። የሰው ባለሙያ ያ ክንድ የለውም፤ ከማቀበሉ በፊት የሚጠይቅበት አንደበት ግን አለው።