መከላከል ከቫይረሱ ጋር ከሚኖረው ወገን ጋር

(በኮዬ ፈጬ አካባቢ ለሚያገለግሉ ካህናት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላትና በጎ ፈቃደኛ አማካሪዎች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ከታወቁ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት የመከላከል ትምህርት ይነገር የነበረው ቫይረሱ ላልያዘው ሰው ነበር። ቫይረሱ በደሙ ያለበት ወገን በትምህርቱ ውስጥ ስሙ የሚነሣው ለማስፈራሪያ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረቱት መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ ግን ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩት ራሳቸው በአደባባይ እንዲያስተምሩ በር ከፈቱ።

ተመራማሪዎችም ወደዚሁ ሐሳብ መጥተዋል። ሴዝ ካሊችማንና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ አትላንታ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሴቶችና ወንዶች አምስት ጊዜ በቡድን ተገናኙ። ሁኔታቸውን ለማን፣ መቼና እንዴት እንደሚገልጡ፣ ጭንቀትን እንዴት እንደሚቋቋሙና አጋራቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ተለማመዱ። ከስድስት ወር በኋላ ሲታዩ፣ በሌላ የድጋፍ ቡድን ከተሳተፉት ይልቅ ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነታቸው ቀንሶ ተገኘ። ለውጡን ያመጣው ተግባራዊ ልምምድ ነበር።

በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ፣ በዘጠኝ አገሮች 1,763 ጥንዶችን የተከታተለ ጥናት፣ መድኃኒቱን ቶሎ የጀመሩ ሰዎች ቫይረሱን ለአጋራቸው የማስተላለፋቸው ዕድል ዘግይተው ከጀመሩት በ96 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ስለዚህ መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ ራሱ የመከላከል ምግባር ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በኢትዮጵያ ከተሞች የተደረገው ጥናት እንዳመለከተው፣ ቫይረሱ ካለባቸው አዋቂዎች ሁኔታቸውን የሚያውቁት 79 በመቶ ያህል ነበሩ። ካወቁት መካከል 97 በመቶው ሕክምና ላይ ነበሩ። ያወቀ ሰው ይታከማል፤ ትልቁ ክፍተት ያለው በማወቅ ላይ ነው። ሰው እንዳይመረመር የሚያደርገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መገለልን መፍራት ነው።

አሁን ወደ ኮዬ ፈጬ እንመለስ። ይህ ከልዩ ልዩ ሰፈር የመጣ ሕዝብ በጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖርበት መንደር ነው። ወደዚህ የሚዛወር ታካሚ የሚያውቀውን ጤና ጣቢያ፣ ምስጢሩን የጠበቁለትን ጎረቤቶችና ዕድሩን ትቶ ይመጣል። ክትትሉን ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ካላዛወረ የትራንስፖርቱ ወጪና ድካም ቀጠሮውን ሊያሳልፈው ይችላል። በዚህ አካባቢ ሊጠና የሚገባው ጥያቄ እንግዲህ «ምን አጠፋ?» ሳይሆን «ምን አቋረጠው? ለማንስ ሊናገር ፈራ?» የሚለው ነው።

የጥናቱ አካሄድም ጥንቃቄ ይሻል። መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት መዞር፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤቶች ባሉበት ሕንፃ የሰውን ምስጢር ማውጣት ነው። መልስ ሰጪዎችን በጤና ጣቢያና በማኅበሮቻቸው በኩል፣ በፈቃዳቸው ማግኘት ይገባል። ሰው ጠያቂውን ለማስደሰት የሚመልስበት ጊዜም ስላለ፣ ቃሉ ከቫይረስ መጠን ምርመራ ጋር ቢገናዘብ እውነቱ ይበልጥ ይገለጣል።

አባቶች ሆይ፤ የእናንተ ድርሻ ከባድ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ በይፋ አስተምረዋል። ወደ ጸበል ለሚሄደው ልጃችሁ፣ የሚቆይበትን ቀን ያህል መድኃኒት እንዲይዝ ንገሩት። በጾም ወራት የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር እንዲያስተካክል ምከሩት። ለማግባት የሚዘጋጁትን አብረው እንዲመረመሩ አበረታቱ፤ ከሁለቱ በአንዱ ቫይረሱ ቢገኝም ፈጥናችሁ አትለያዩአቸው፣ ወደ ምክርና ሕክምና ምሯቸው። በንስሐ የሰማችሁትን ግን ለማንም፣ ለአጥኚም ቢሆን፣ አታውጡ።

ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው በዚያ መንገድ ለምን እንደሄደ አልመረመረውም። ዘይትና ወይን አፈሰሰለት፤ ቀጥሎም ለሚያስታምመው አደራ ሰጠው። እኛም እንዲሁ እናድርግ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።