ስለ ጎታች መኪና ምርጫ፤ ከመርጡለ ማርያም እስከ ዓባይ በረሃ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምናገርበት ርእስ በግድብና በታላላቅ ሕንፃዎች ሥራ ላይ ለተሠማሩት ባልደረቦቼ ትንሽ መስሎ ሳይታይ አይቀርም። ነገሩ ስለ አንድ መኪናና ስለ አንድ ተሳቢ ነው። ይሁን እንጂ አንድ መሐንዲስ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች ውስጥ ከሰው ሕይወትና ከቤተሰብ ጥሪት ጋር በቀጥታ የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያሉት ናቸው። ለእነርሱ ጨረታ አይወጣም፤ አማካሪ ድርጅትም አይቀጠርም። አቦሉ ላይ ይጠየቃሉ፤ በረካው ሳይደርስ መልስ ይጠበቅባቸዋል።

ጥያቄው የመጣልኝ ከመርጡለ ማርያም ነው። ከደጀን ተነሥቶ በብቸና አድርጎ ወደ ሞጣ ከሚያልፈው መንገድ በስተ ምሥራቅ የምትገኘው ይህች ከተማ ስሟ ከእቴጌ እሌኒ ጋር በሚነሣው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያኗ የታወቀች ናት። በ2009 ዓ.ም. ግን የከተማይቱን አምስት የእህል ነጋዴዎች እንቅልፍ የነሣቸው ጤፋቸው በወቅቱ አዲስ አበባ አለመድረሱ ነበር። መኪና ሲከራዩ ባለ መኪናው በፈቀደው ቀን ይመጣል፥ በፈቀደውም ዋጋ ይጭናል። ስለዚህ ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ሊገዙ ቈረጡ። ከአምስቱ የአንደኛው ወንድም አሜሪካን አገር ይኖር ነበርና «ትልቅ መኪና ከምትገዙ በናፍጣ የሚሠራ ከባድ ፒካፕ ከነተሳቢው ልላክላችሁ፤ የዋጋውንም እኩሌታ እኔ እችላለሁ፤ እዚህ ሰው ሁሉ ቤት የሚያህል ተሳቢ በእርሱ ይጎትታል» ሲል ጻፈላቸው። እነርሱም ደብዳቤውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። የጠየቁኝ ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ ይጎትታል ወይስ አይጎትትም?

መልሴን ከመናገሬ በፊት ስለ ተሳቢው ዓይነት ጥቂት ልበል። ከመኪናው ኋላ ባለ መንጠቆ የሚንጠለጠል ተራ ተሳቢ አልነበረም። አሜሪካኖች «አምስተኛው ጎማ» ብለው በሚጠሩት መያዣ የሚገጠም ነው። ስሙ ግር ያሰኛል፤ ዕቃው ጎማ የሚባል ነገር የለውምና። በፈረስ ሠረገላ ዘመን የፊተኛው አክስል እንዲዞር ከሠረገላው ሥር በአግድም የሚገጠመውን የብረት ቀለበት ከአራቱ መንኰራኩሮች ቀጥሎ አምስተኛ አድርገው ይቈጥሩት ነበር፤ ስሙ ከዚያ ወረደ። በ1914 እ.ኤ.አ. በዲትሮይት ከተማ አውጉስት ፍሩሃውፍ የተባለ አንጥረኛ ለአንድ ጣውላ ነጋዴ ጀልባ የሚጫንበትን ተሳቢ ሠርቶ ከፎርድ መኪና ጋር አጋጠመለት። ዛሬ ከጅቡቲ በሚመጣው መንገድ ላይ የምናየው ሃይቤድ የዚያው ዘር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከተሳቢው አፍንጫ ሥር ቁልቁል የወጣ ወፍራም ፒን አለ፤ ፒኑ በጎታቹ ጀርባ ላይ ባለው ክብ ሰሌዳ ስንጥቅ ውስጥ ይገባና ይቈለፋል። ሰሌዳው የሚቀመጠው በኋላው አክስል ላይ ወይም ከእርሱ ጥቂት ወደ ፊት ስለሆነ የተሳቢው የፊት ክብደት በአክስሉ ላይ ያርፋል። ከኋላ መከላከያ ላይ የተንጠለጠለ ተሳቢ በፈጣን ጉዞ እንደ ውሻ ጅራት ሲወዛወዝ ይህኛው አደብ ይዞ ይከተላል። በጎነቱ ይህ ነው፤ ወጥመዱም እዚሁ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ ወጣትም ነበርሁ፥ ስሌትም እወድ ነበርና ወረቀት አነሣሁ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሁለቱም አፋፍ ወደ ወንዙ ሲወረድ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ስለሚጠፋ ዳገቱ በአማካይ በየመቶ ሜትሩ 7 ሜትር ይሆናል። ፒካፑ 35 ኩንታል፥ ተሳቢው ከነጭነቱ 100 ኩንታል፥ በድምሩ 135 ኩንታል። ይህን ክብደት በዚያ ዳገት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለማውጣት ጎማው ላይ 160 የፈረስ ጉልበት ያህል ይበቃል፤ የፒካፑ ሞተር ግን ከ350 በላይ ነበረው። በአፋፉ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ይህኛው ባለ ቱርቦ ስለሆነ ያም አላሳሰበኝም። በአንድ ገጽ ወረቀት «ይጎትታል» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። ነጋዴዎቹ መርቀውኝ ሄዱ።

ወረቀቱ ግን መርጡለ ማርያም ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ሾፌር እጅ ገባ። እኒህ ሰው በፊያት ኤንትሬ ዓባይ በረሃን ሲወጡና ሲወርዱ ዕድሜያቸውን የፈጁ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት በስልክ አስጠሩኝና «ልጄ፥ ዓባይን መውጣቱን ተወው፤ ያቃተው መኪና ይቆማል፥ ከኋላው ድንጋይ ይደረግለታል። እስቲ ንገረኝ፥ ሲወርድ ማን ይይዘዋል?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በወረቀቴ ላይ ስለ ቁልቁለት አንዲት መሥመር አልነበረችም።

እንደገና ተቀመጥሁ። 135 ኩንታል ከአፋፉ ወደ ድልድዩ ሲወርድ ያ ሁሉ የከፍታ ኃይል አንድ ቦታ መግባት አለበት። የጎማው ሰበቃ ጥቂቱን ይበላል፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢወረድ ቁልቁለቱ 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ ያለማቋረጥ የሚወጣው ሙቀት 66 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ይወስዳል ብንል፥ አሥራ ዘጠኝ ምጣድ ለ40 ደቂቃ በፍሬኑ ላይ ተጥዶ ይውላል ማለት ነው። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከፍሬን ሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ሲቃጠል መያዝ ይሳነዋል። እንደ ፒካፑ ባለ በዘይት በሚሠራ ፍሬን ደግሞ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ባዶውን ይወርዳል።

ስለዚህ የጎታች መኪና ምርጫ ከፍሬን ይጀምራል፤ ከመርገጫው ፍሬን ሳይሆን ሙቀቱን ከጎማው ውጪ ከሚያስቀረው። የናፍጣ ሞተር አየር የሚያግድ ክዳን ስለሌለው ነዳጁ ሲቋረጥበት ብቻውን ብዙ አይዝም፤ የጭስ መውጫውን የሚያፍን ፍሬን ሲጨመርለት ግን ሞተሩ ራሱ መያዣ ይሆናል። በከባድ ጎታቾች ላይ ከካምቢዮው ጋር የሚገጠም ሪታርደርም አለ። በዚህ አጋጣሚ አንድ የቆየ የሾፌሮች ደንብ ላንሣ፤ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላል። ደንቡ ለጊዜው እውነት ነበር፤ የወጣው ሞተር ደካማ በነበረበት ዘመን ነውና። የዛሬው ሞተር ያንኑ ዳገት በከፍተኛ ማርሽ ስለሚወጣ በዚያው ማርሽ የሚወርድ ሰው ራሱን ያታልላል፤ አንድ ወይም ሁለት ማርሽ ዝቅ ማለት ይገባዋል።

በተሳቢው በኩልም ችግር አገኘሁ። ከአሜሪካ የሚመጡት የዚህ መጠን ተሳቢዎች አብዛኛዎቹ የሚቆሙት በኤሌክትሪክ ፍሬን ነው፤ በየጎማው ውስጥ ማግኔት አለ፥ መቆጣጠሪያው በሾፌሩ ፊት ይቀመጣል። በሚሠራበት አገር መልካም ዕቃ ነው። ነገር ግን ሽቦው በጭቃና በድንጋይ መንገድ ላይ ሲበጠስ ማን ይጠግነዋል? በብቸናም በሞጣም የባሌስትራና የአየር ፍሬን ባለሙያ ሞልቷል፤ የማግኔት ፍሬን ፈትቶ የሚያውቅ ግን ፈልጌ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ወጥመዱ ልመለስ። በአምስተኛው ጎማ ከሚያዝ የፒካፕ ተሳቢ ክብደት ከመቶው ከ20 እስከ 25 የሚሆነው በፒኑ በኩል በጎታቹ ጀርባ ላይ ይጫናል። የእኛ ተሳቢ 100 ኩንታል ስለሆነ ፒካፑ ከ20 እስከ 25 ኩንታል ይሸከማል ማለት ነው። የሻጩ መጽሔት «ከ100 ኩንታል በላይ ይጎትታል» ይላል፤ አልዋሸም። ወንድምየው ከሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ፎቶግራፍ አንሥቶ የላከው ወረቀት ግን ለሰውና ለጭነት የተፈቀደው 18 ኩንታል ያህል መሆኑን ይናገር ነበር። ከዚያ ላይ የሾፌሩንና የረዳቱን ክብደት፥ የመያዣውንም ብረት ሲቀንሱለት 15 ኩንታል ተኩል ቀረ። መጎተት ሌላ ነው፥ መሸከም ሌላ ነው፤ ሞተሩ የሚችለውን ባሌስትራው፥ ቸርኬውና የኋላው አክስል አይችሉትም። ከኋላ መንታ ጎማ ያለው ፒካፕ ቢሆን ልዩነቱ በጠበበ ነበር፤ የእኛው ግን ነጠላ ጎማ ነበር። ባልደረቦቼን የምለምነው አንድ ነገር ቢኖር ማንም ስለ ጎታች ቢጠይቃቸው ከመጽሔቱ በፊት ያንን የበር ወረቀት እንዲያስመጡ ነው።

በነዳጁ ነገር ላይ አልዘገይም። ከ2007 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት የናፍጣ ፒካፖች የጭስ ማጣሪያ ስላላቸው ድኙ በሚሊዮን ከ15 እጅ ያልበለጠ ናፍጣ ይሻሉ። እንዲህ ያለውን ናፍጣ በመንገዱ ሁሉ አገኛለሁ ብሎ እርግጠኛ መሆን ያልቻለ ሰው መኪናውን ባይገዛ ይሻለዋል።

በዚህ አዳራሽ በሺህ ኩንታል የሚቈጠር ጭነት የሚያንቀሳቅሱ ድርጅቶችን የምታማክሩ ስላላችሁ ስሌቱ በትልቁ ምን እንደሚመስል ልጨምር። በጠቅላላ 400 ኩንታል የሚመዝን ባለ ሃይቤድ በዚያው ዳገት ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ከሞተሩ 265 የፈረስ ጉልበት ያህል ይፈልጋል፤ ሲወርድ የሚለቀው ሙቀት በተመሳሳይ ፍጥነት የፒካፑን ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። የፈረስ ጉልበቱን ሻጩ ሳይጠየቅ ይነግራችኋል። የሚረሳው የፒኑ ውፍረት ነው፤ ባለ 2 ኢንችና ባለ 3 ኢንች ተኩል ፒን ስላለ ከሰሌዳው ጋር መስማማቱን ሳያረጋግጡ ጎታችና ተሳቢ ለየብቻ መግዛት ኪሣራ ነው። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ መሻገሪያውን አሻሽሎልናል፤ ቁልቁለቱን ግን አላሳጠረውም።

መልሴን ለመሰረዝ መርጡለ ማርያም ድረስ ሄድሁ። በስልክ ብነግራቸው ይቀል ነበር፤ የፈረምሁት ወረቀት ግን በእጃቸው ነበረ። አምስቱም ተሰብስበው ጠበቁኝ፤ ሽማግሌው ሾፌርም መጡ። የወንድማቸው ርዳታ ስለሚቀርባቸው ነገሩ ከበዳቸው። አንደኛው «ታዲያ በመጀመሪያው ወረቀት ገዝተን ቢሆንስ ኖሮ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ እኔም ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ። ሽማግሌው «እርሱስ ተመልሶ መጣ፤ ስንቱ ፈርሞ ይቀራል» ብለው ነገሩን አበረዱልኝ። አሜሪካ ያለው ወንድም ለብዙ ወራት አኵርፎ ቆየ፤ በኋላ ግን ቃል ከገባው ገንዘብ ከፊሉን ላከ።

የገዙት በአየር ፍሬን የሚሠራ፥ የጭስ ፍሬንም ያለው፥ መለዋወጫው በአገር ውስጥ የሚገኝ ባለ ሁለት አክስል መኪና ነው፤ 100 ኩንታል ይጭናል። ያገለገለ ስለነበር ከግዢው በፊት የአራቱን ጎማ ታምቡር አስፈትተን ውፍረታቸውን ለካን፤ ሁለቱ አልቀው ስለተገኙ ሻጩ ለውጦ አስረከበን። ተሳቢ የሚገዙበትን ቀን በየዓመቱ ይነጋገሩበታል፤ እስካሁን አልገዙም። ሽማግሌው መንዳቱን ትተው አሁን ወጣቱን ሾፌር ይመክራሉ፤ መኪናው ጭኖ በወረደ ቊጥር ደጀን ላይ ቆሞ ፍሬኑ ሳይታይ ቁልቁለቱን እንዳይጀምር አዘውታል።

ስሌቶቹን በዝርዝር ጽፌ በጠረጴዛው ላይ አኑሬአቸዋለሁ፤ ስሕተት የሚያገኝባቸው ባልደረባ ቢኖር ዛሬውኑ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።